አብሽርን ከማኮላሸቴ በፊት

ለጦይባ፣

አሰላሙ አለይኪ። ደብዳቤ ሲጻፍ አስቀድሞ ጤና ይጠየቃል። አንቺን ግን ጤናሽን አልጠይቅሽም፤ ያ ዳገት ስትወጪ ያስለቅስሽ የነበረው ጉልበት፣ ያ ትንፋሽሽን የሚቆርጠው ልብ አብሮሽ እንዳልሄደ አምናለሁ። እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከተለያየን ዛሬ ዘጠኝ ወር ከአስራ አንድ ቀን ሆነ። ልጃችን ዘምዘም ስትቆጥር አስራ አንዱን ቀን ትተወዋለች። እኔ አልተውም።

የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ልጅሽ ከኮምቦልቻ በመጣች ቁጥር አባባ አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍልህ ትለኛለች፤ እምቢ አልኳት። ከጨረስኩ በኋላ ግን ማንም ያንብበው። የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ካለበትም እፍረቱ የኔ ነው። ፊደል የቆጠርን ጊዜ አንቺ በሁለት ወር ጨርሰሽ እኔ ሀ እና ሐን ስለይ እንደቀረሁ ታውቂያለሽ። የተሳሳተ ካለ እንደ ልማድሽ አስተካክለሽ አንብቢው።

የቤቱን ልንገርሽ። የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ቀየርኩት። አዎ፣ ያንን ስድስት ክረምት የለመንሽኝን። አሁን ዝናብ ሲመጣ አንድ ጠብታ አይገባም፤ ደረቅ ሆነ ብላ የምትደሰትበት ሴት ግን የለችም። ወጥ መሥራት ተምሬአለሁ። ሽሮዬ ይጓጉላል እንጂ ይበላል። ለማንም አትንገሪ። የቅሬያችን እድርተኞች በየወሩ ሲሰበሰቡ ለሞቱት ዱአ ያደርጋሉ፤ ስምሽ ሲጠራ አሚን የምለው ከሁሉም ዘግይቼ ነው። እትዬ አስካለ ከአጥሩ ማዶ በየጠዋቱ አለህ ወይ ትለኛለች። አለሁ እላታለሁ። በዚህ ተግባብተናል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ አብሽር ነው።

ውሻሽ አለ። ይህን መጀመሪያ ስሚ፣ እንዳትደነግጪ። አለ፣ ይበላል፣ ይጮኻል፣ እኔንም ይታገሠኛል።

አመጣጡን አስታወስሽው? ከተማው ተረብሾ ሸሽተን በተመለስን ሰሞን ነው። በሩ ተሰብሮ፣ ዕቃው ግቢው ውስጥ ተበትኖ፣ አንቺ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለሽ ስታለቅሺ፣ ከማገዶው ክምር ሥር መዳፍ የምታህል ቡችላ ወጣ። እሱ ይንቀጠቀጣል፣ አንቺ ታለቅሻለሽ። አብሽር፣ አብሽር፣ አይዞህ ስትይው ሰማሁ። ለእሱ ይሁን ለራስሽ አልጠየቅሁሽም። ስሙ በዚያው ቀረ። ሰፈሩ ሳቀብን፤ ውሻ አብሽር ይባላል እንዴ አሉን። አንቺ ደጄን ለሚጠብቅልኝ ከዚህ የተሻለ ስም የለኝም ብለሽ ዘጋሻቸው።

ቤት እንዳይገባ አስተማርሽው። ደፉ ላይ አገጩን ያሳርፋል እንጂ እግሩን አያሻግርም። አንድ ቀን ለሰላት የምታጠብበትን ኢብሪቅ ላሰው፤ አንቺ አየሽ፣ እኔ አላየሁም። አንዴ በአፈር፣ ስድስቴ በውሃ አጥበሽ ካስቀመጥሽ በኋላ፣ ሰላቴን ጨርሼ ሻይዬን ፉት እስክል ዝም ብለሽ ቆየሽና ነገርሽኝ። እኔ ስጮህ አንቺ ትስቂያለሽ። ታጥቧል እኮ ሰውዬ፣ አሁን ለማን ነው የምትቆጣው አልሽኝ።

በሞትሽ ሰሞን አልበላ አለኝ። ሰው ሁሉ ሐዘን ነው አለ፤ እኔም ሐዘን መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን እትዬ አስካለ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ ኧረ አንተ ሰው፣ ቢስሚላህ ሳትለው እንዴት ይብላ አለችኝ። አያድርስ ነው፣ ክርስቲያኗ አስተማረችኝ! ሳህኑን አስቀምጬ ቢስሚላህ ስል እስከ ታቹ ላሰው። ለካ አንቺ ምግቡን ስታስቀምጪ ትዪ የነበረውን እሱ የመብያ ፈቃድ አድርጎ ይዞታል።

እንዲህ እየተላመድን ከርመን፣ በጥቅምት ለአራት ቀን ጠፋ። ከሰኞ ገበያ እስከ ፒያሳ፣ ከፒያሳ እስከ ሥጋ ቤቶቹ ጓሮ ስሙን እየጠራሁ ዞርኩ። አብሽር ብዬ ስጣራ መንገደኛው ምን ሆነን ነው የምታጽናናን እያለ ያየኛል። በአምስተኛው ቀን ጆሮው ተተልትሎ፣ የኋላ እግሩ ተነክሶ፣ እየጎተተ መጣ። በዚያው ሳምንት ከቀበሌ በመኪና እየዞሩ፣ ውሻ ያለው ይሰር፣ የባዘነ ይወገዳል እያሉ ለፈፉ። እንዴት እንደሚወገድ ታውቂያለሽ። የተመረዘ ሥጋ የበላ ውሻ መንገድ ላይ ሲንፈራገጥ አይተሽ ሁለት ቀን እህል አልቀመስሽም ነበር።

ዘምዘም በስልክ ጮኸችብኝ። አባባ ዛሬውኑ ይዘኸው ና፣ እዚህ የእንስሳት ሐኪም አለች አለች። ሚኒባሶቹ ውሻ አንጭንም አሉ። ጎመንና ድንች የጫነ አንድ አይሱዙ አገኘሁ። ሾፌሩ እርስዎ ጋቢና ይግቡ፣ እሱ ከኋላ ይሁን ሲለኝ ኮራሁበት። ከኋላ ወጣሁ፣ ጎመኑ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። ነፋሱ ጥምጣሜን ሊወስደው ምንም አልቀረው። አንቺ ብታዪኝ ምን ትዪ እንደነበር አውቃለሁ፣ አትድገሚው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ከዘምዘም ታንሳለች። ቁስሉን አጠበች፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ወጋችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አባባ፣ ይህ ውሻ የሚሄደው ጠብ ፈልጎ አይደለም፤ የሴት ሽታ ጎትቶት ነው። ካልተኮላሸ ነገም ይሄዳል። መኪና፣ ያበደ ውሻ፣ መርዝ፣ ከሦስቱ አንዱ ያገኘዋል አለችኝ።

እሽ አልኳት። ይኮላሽ። ግን መጀመሪያ አንድ ጊዜ ዘሩን ልያዝ፣ ከዚያ የፈለግሽውን አድርጊው።

ምን ያደርግልዎታል አለች።

ዘሩ እንዳይጠፋ ነዋ አልኳት።

እሷ ምንም አላፈረችም። አባባ፣ ዘሬ ይቅርልኝ የሚለው ሰው ነው። ውሻ ልጅ አለኝ የለኝም ብሎ አያስብም። ወልዶ ቢኮላሽም ሳይወልድ ቢኮላሽም ለእሱ አንድ ነው፤ ለሚወለዱት ግን አንድ አይደለም፣ የሚያሳድጋቸው ማን ነው አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ከደሴ ዙሪያ እስከ ኩታበር ወይፈን የሚያኮላሽ ሲፈለግ ይማምን ጥሩ ይባልልኝ የነበርኩ ሰው ነኝ። የትኛው ኮርማ ለዘር እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚቀጠቀጥ ባላገር የሚጠይቀው እኔን ነበር። ያቺ ልጅ እግር ስለ ዘር ታስተምረኛለች? ገመዱን ይዤ ተነሳሁ። ዘምዘም አባባ ተው እንጂ፣ ሰው ምን ይላል ብላ ክንዴን ያዘችኝ። አንድ ወር ስጡኝ ብዬ ወጣሁ።

ጦይባ፣ አንቺ ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ነገር እንዳነሳሽብኝ አልረሳሁትም። ዘምዘም ጋ ውለሽ ስትመጪ ነው። እዚያ ሐኪም አለች አሉ፣ አደንዝዛ ነው የምታኮላሸው፣ አብሽርን እንውሰደው ወይ አልሽኝ። እኔ ደግሞ በኔ ግቢ ወንድ ተኮላሽቶ አያድርም አልኩሽ። ስንቱን ወይፈን ስታኮላሽ የኖርክ ሰውዬ ብለሽ ሳቅሽ። ወይፈን ሌላ፣ ይሄ ሌላ ብዬ ጮኽኩ። ሳቅሽ ቆመ። ዓይኔን አየሽው፣ ከዚያ ተነስተሽ ሰሃን ማጠብ ጀመርሽ። ሁለተኛ አላነሳሽውም። እኔም አሸነፍኩ ብዬ አደርኩ።

ምን እንዳየሽ አሁን ገብቶኛል። ከዘምዘም በኋላ ሁለቱ ሳይወለዱ ጨነገፉ፤ ከዚያ ጀሊሉ አላህ አልጨመረልንም። ወንድሞቼ ሌላ አግባ፣ ወንድ ልጅ ያስፈልግሃል ያሉኝ ጊዜ ከቤቴ አስወጣኋቸው። አንቺ ራስሽ አግባ፣ አልከፋም ያልሽኝ ቀን ሦስት ቀን አላናገርኩሽም። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ነገሩን ግን አልጨረስኩትም ነበር፤ እንደ እሾህ እግሬ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ፣ ዘር በተባለ ቁጥር ያስነክሰኛል። አንቺ ያንን ታውቂ ነበር። እኔ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ያንን ወር በሙሉ ለአብሽር ሴት ፍለጋ ከረምኩ። ሰፈሩ መሳቂያ አደረገኝ። ፒያሳ ሻይ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች፣ አያ ይማም ለውሻው ሚስት ሊያጭ ነው፣ ጥሎሹ አጥንት ነው ወይስ ጨጓራ እያሉ። እኔ ምን ገዶኝ። ወይፈን እንደምመርጥ ሴት ውሻ መረጥኩ፤ ደረት፣ መዳፍ፣ አቋቋም፣ ድምፅ። አንዷ ደረቷ ጠባብ ነው። አንዷ ለሌባውም ለባለቤቱም ጭራዋን ትቆላለች። አንዷ ወተት እንደጠጣ ድመት ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። ሁሉንም ጣልኳቸው።

ከዚያ ገራዶ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ያየኋት አንዲት ውሻ ትዝ አለችኝ። ዳማ ናት፣ ደረቷ ላይ ነጭ አለባት። ለቅሶ ቤቱ አጠገብ ካለው የጎመን ማሳ ዳር ቆማ መንገደኛውን ሁሉ እያገላበጠች ታያለች፣ ያለ ምክንያት አትጮህም። ይህቺ ናት አልኩ። ከገራዶ እስከ ደሴ እንደሷ የለም።

ሐሙስ ዕለት ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ባለቤቷ ፋጡማ የምትባል ባሏ የሞተባት፣ ጎመንና ካሮት የምታለማ ሴት ናት። ታውቂያታለሽ፤ እንደምትተዋወቁ ያኔ አላወቅሁም። ደጅዋ ቆሜ፣ እቴ ፋጡማ፣ አንድ የምጠይቅሽ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፣ እሽታሽን ፈልጌ ነው አልኳት። ሴትዮዋ መኮትኮቻዋን ጣለች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ መሬት መሬት አየች። አያ ይማም፣ እቴ ጦይባ ዓመቷ እንኳ ሳይሞላ አለችኝ።

ሳቂ፣ ግዴለም። እኔ እንደ በርበሬ ቀላሁ። ኧረ ወላሂ ለኔ አይደለም፣ ለውሻዬ ነው፣ ያቺን ውሻሽን ለውሻዬ ብዬ ነው አልኳት። መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ከዚያ ወደ ውሻዋ ዞራ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ ማሳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አያ ይማም፣ የገዛ ልጁን እኮ ነው ሊያጩለት የመጡት አለችኝ።

የማን ልጅ አልኩ።

የአብሽር ነዋ! እቴ ጦይባ አይደለች በዘንቢል ያመጣችልኝ!

ጦይባ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ከብት በዓይኔ ስመርጥ የኖርኩ ሰው፣ ከስንት ውሻ መካከል መርጬ መርጬ የራሱን ልጅ ላጋባው ነበር። ልቤ የወደዳትም ለካ እሱን ስለመሰለች ነው። እየሳቀች ሳለች እኔ አልሳቅኩም። ፋጡማ ይህን አየችና ሳቋን አቆመች፤ ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ፣ ሁሉንም ነገረችኝ።

አብሽር ሦስት ጊዜ ማስወለዱን ነገረችኝ። ሥጋ ቤቶቹ ኋላ ባለው ቦይ ውስጥ ከሚያድሩት ውሾች። ቡችሎቹ ዓይናቸው ሲገለጥ አንቺ እየሄድሽ ታመጫቸው እንደነበር፣ እኔ እንዳላይ በእትዬ አስካለ ማገዶ ቤት ታሳድጊያቸው እንደነበር። ሲጠነክሩ በዘንቢል አድርገሽ፣ ከላይ ነጠላ ሸፍነሽ፣ ሚኒባስ ውስጥ እንዳይጮኹ ጣትሽን እያጠባሽ ገራዶ ታመጫቸው እንደነበር። ወንዶቹን ባላገሩ ዝንጀሮና ጅብ ይጠብቁልኛል ብሎ ይሻማባቸዋል። ሴቶቹን የሚፈልግ የለም። አንቺ ቤት ለቤት እየዞርሽ፣ ያዟት ብቻ፣ ለምግቧ እኔ አለሁ ትያቸው ነበር አሉ። በየሐሙሱም አጥንት ይዘሽ ትሄጂ ነበር። በዚያ ጉልበትሽ! በዚያ ልብሽ!

ሐሙስ ሐሙስ ሽንኩርት ልግዛ ትዪኝ ነበር። አንድ ቀን ግማሹ የበሰበሰ ሽንኩርት ይዘሽ ብትመጪ፣ ገራዶ ድረስ ሄደሽ ይህን ነው የመረጥሽው ብዬ የተቆጣሁሽ ትዝ አለኝ። ዓይንሽ ስለደከመ መስሎኝ ነበር። መምረጫ ጊዜ ከየት አምጥተሽ።

ካቻምናም በክረምት ልብስሽ በጭቃ ርሶ መጥተሽ፣ ጅረት ስሻገር አዳለጠኝ ያልሽኝን አመንኩሽ። ለካ ቦዩን ጎርፍ ሞልቶት ቡችሎቹን ልታወጪ ገብተሽ ነው። እትዬ አስካለ ከላይ ገመድ ይዛልሽ። ሁለት ብቻ ወጡ አሉ። አንድ ወር ሳልሽ። የገደለሽ ያ ሳል እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ሐኪሞቹ ልብ ነው ብለዋል። ቢሆንም ያን ማታ ሻይ አፍዬልሽ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት። እኔ ያልኩሽ ዓይንሽ እያየ ትወድቂያለሽ ነው።

ፋጡማን አንድ ነገር ጠየቅኋት። ጦይባ ለምን አልነገረችኝም አልኳት። እኔም ጠይቄያት ነበር አለች። እሱ ዘር ሲባል ልቡ ይነካል፤ ውሻውን አኮላሽ ብዬ ባስጨንቀው የራሱ ነው የሚታወሰው፤ ቡችሎቹን እኔ ብሸከም ይቀለኛል አለችኝ፣ አለች።

ልትሞቺ ሰሞን አውፍ፣ ይቅር ስንባባል፣ የማታውቀውንም ጭምር አውፍ በለኝ ያልሽኝ ይኼ ነበር። እኔ ደግሞ ምን የማላውቀው ነገር አለ ብዬ በኩራት አውፍ ብዬሻለሁ አልኩሽ። አውፍ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ አንቺ ቀደምሽኝ።

ኪሴ ውስጥ ዳቦ ነበረኝ። ለዚያች ውሻ ቆርሼ እጄ ላይ ያዝኩላት፣ ቢስሚላህ አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ነጥቃኝ ሄደች። ደረቱን ወርሳለች፣ መዳፉን ወርሳለች፣ አስተያየቱን ሳይቀር ወርሳለች። ያንን ግን አልወረሰችም። እኔ ከአብሽር ላስቀር የፈለግኩት በደሙ ያለ ነገር አልነበረም፣ ጦይባ። አንቺ በየቀኑ ሳህን እያስቀመጥሽ የሰጠሽው ነው። እሱ ደግሞ አይወለድም።

ልሄድ ስነሳ ፋጡማ ሌላ ነገር ነገረችኝ፣ ፊቷን አዙራ። ይህቺም በሐምሌ አራት ቡችላ ወለደች፤ ወንዱን ሰው ወሰደው። ሦስቱን ሴቶች የሚወስድ አጣሁ። እቴ ጦይባ ብትኖር መላ ታገኝ ነበር። እኔ ወደ ወንዙ ወሰድኳቸው አያ ይማም፣ አላህ ይማረኝ አለች። አልፈረድኩባትም። እኔ ይኼው ለአብሽር አንድ ጊዜ ዘር ይቅርለት ብዬ ወር ሙሉ ስዞር የከረምኩት፣ ወደዚያ ወንዝ የሚሄዱ ተጨማሪ ሴቶች ላስወልድ ነበር። የማያሳድገውን የሚያስወልድ አያኮራም። ይህን ሐኪሟ ነግራኝ ነበር፤ ከልጅ እግር ስለመጣ አልሰማሁትም።

እንግዲያው እሷንም ስጪኝ አልኳት። ከአባቷ ጋር ልውሰዳት፣ መውለዱ ይቅርላት፣ ስትድን እመልስልሻለሁ። ፋጡማ ይውሰዷት ብላ ገመዱን ከበረቱ አመጣች።

ያ የአይሱዙ ሾፌር ባየኝ ጊዜ አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ሁለት ሆኑ አለኝ። አባትና ልጅ ናቸው አልኩት። ዘመድማማች ናቸዋ፣ እንግዲያስ እዚያው ይጨዋወቱ አለ። አልተጨዋወቱም። አንዴ ተሽታተቱ፣ ከዚያ አንዱ በዚህ ጥግ፣ አንዷ በዚያ ጥግ ተኙ። እንደማንኛውም ሁለት መንገደኛ። እኔ በመሃላቸው ድንች ላይ ተቀምጬ እነሱን እያየሁ ሐረጎን ወረድኩ። ሐኪሟ ያለችው እውነት ነው፤ ለነሱ ምንም አልጎደለባቸውም።

ለሐኪሟ ይቅርታ አልኳት። ዘምዘም አጠገቤ ነበረች፣ ይጠቅመኛል ብላ ሰማችኝ መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ስልክ በደወለች ቁጥር ታነሳብኛለች። ሐኪሟ ጭንቅላቱን ይያዙለት፣ እርስዎን ካየ አይፈራም አለችኝ። ያዝኩት። መርፌው ሲገባ ዓይን ዓይኔን እያየ ነበር። ከዚያ የዓይኑ ቆብ ከበደ፣ አገጩ መዳፌ ላይ አረፈ፣ ሕፃን ልጅ በደረት ላይ እንደሚተኛው ተኛ።

ጦይባ፣ እኔ እንዲያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ወይፈን ሳኮላሽ በጠፍር ጠርንፈን አስረን፣ አራት ሰው ተጭኖት፣ በእንጨት ስንቀጠቅጠው ነው የማውቀው። ሲያገሳ ጆሮዬን አልሰጠውም ነበር። ገበሬው ሲያመሰግነኝ ደስ እያለኝ እመለሳለሁ። አንቺ በነዚያ ቀኖች እራት ስታቀርቢ እጅህን ደግመህ ታጠብ የምትዪኝ ለምን እንደነበር ያን ዕለት ነው የገባኝ። ሐኪሟ ፊት እንዳላለቅስ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። አላየችኝም።

ዘምዘም ግቢ አስር ቀን ቆየን። ስፌቱ ደርቋል። ይኮላሻል ሲባል ፈሪ ይሆናል ብዬ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን የዘምዘምን ባል ከሥራ ሲመጣ አጥር ላይ አሰቀለው። ሴቲቱንም ሲሻላት ለፋጡማ አስረከብኳት። ሴቶቹ ሕመሙ ይበረታባቸዋል፤ ስለዚህ ሦስት ቀን ገራዶ እየተመላለስኩ ቁስሏን አየሁ። ሰፈሩ ይህንንም ሰምቷል። ሽማግሌዎቹ አያ ይማም ገራዶ ምን አገኘ እያሉ ነው። ይበሉ።

እትዬ አስካለን ደግሞ በአጥሩ ላይ ጠርቼ አውቄአለሁ አልኳት። እሷ አላፈረችም። አንተ ግትር፣ እሷ ከሞተች በኋላ ነው የገባህ፣ እኔ ማገዶ ቤቴን ሦስት ጊዜ ሳጥብ አንድ ቀን አልሸተተህም አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። እኔ አጥሩን ይዤ ቆሜ ጠበቅኋት። አሁን በጠዋት አለህ ወይ ብላ ስትጠራኝ ቶሎ አትሄድም፤ ስላንቺ ትነግረኛለች። ያልሰማሁት ብዙ አለ።

ገራዶ ያሉት የአብሽር ሴት ልጆች ሦስት ናቸው፤ አንዷ የፋጡማ ናት፣ ሁለቱ ከወንዙ ማዶ። ለምግባቸው እኔ አለሁ ያልሽው ቃል ነው፤ ያንቺ ቃል ደግሞ በኔ ቤት ይከበራል። ሐሙስ ሐሙስ ከሥጋ ቤት አጥንት ይዤ እሄዳለሁ። ሁለቱንም ተራ በተራ ኮምቦልቻ አወርዳቸዋለሁ፣ ባለቤቶቹ እሽ ብለውኛል። ይህን የማደርገው ጉልበቴ እስከያዘኝ ነው። ካልያዘኝ ዘምዘም ትረከባለች፣ ነግሬያታለሁ። በየቤቱ ደጅ ስቆም ከማን የመጣህ ነህ ሲሉኝ የጦይባ ባል ነኝ እላለሁ። አርባ ዓመት የይማም ሚስት ተብለሽ ነበር፤ አሁን ተራው የኔ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ። አንቺ በሕይወት ሳለሽ አንዴም ያልነገርኩሽ ነው፤ ስላልነገርኩሽም ያን ሁሉ ቡችላ ተሸክመሽ ሄድሽ። ወንድ ልጅ ተመኝቼ ነበር። አልዋሽሽም፣ ተመኝቼ ነበር። ግን የተመኘሁት ያንቺን ዓይን ይዞ እንዲመጣ ነው። ከሌላ ሴት አንድም ቀን አልተመኘሁም። ባይመጣም ቅር ያለኝ እሱ በመቅረቱ ነበር እንጂ፣ ካንቺ ጋር በመቅረቴ አይደለም።

ይማም
ደሴ